ሾክ ከመግዛትህ በፊት ስኪውን ከስር እየው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የእኔን ስኖውሞቢል (ከፊት በሁለት ስኪ፣ ማለትም ረጃጅም መንሸራተቻ፣ በረዶ ላይ የሚነዳውን ማሽን) የምታወራ ነው የመሰለኝ። በተረገጠ የበረዶ መንገድ ላይ ፊቱ ግራና ቀኝ ይስብሃል፣ ኩርባ ላይ ደግሞ የውስጥ በኩል ስኪ ይነሳብሃል። «የፊት ሾኮቹን (ንዝረት የሚያበርዱትን) ልቀይር ወይ?» ነው ያልከው። አትቀይር። ቢያንስ ገና አትቀይር።

እኔን ያስቀየሩኝ አሉ፣ ስማቸው ይቅር። ጋራዥ ሄጄ ችግሩን ስነግረው መካኒኩ ጎንበስ ብሎ እንኳ ሳያይ «ሾኩ ሞቷል» አለኝ። ፊቱን በክሪክ አላነሳም፣ ሜትር አላወጣም። ሾኮቹ ተቀየሩ፣ ኪሴ ተራቆተ፣ ማሽኑ ግን ያው እንደ ደነበረ በቅሎ ነው። ተመልሼ ሄጄ ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ማሽኑ ደህና ነው፣ ችግሩ ነጂው ነው።» ያውም ሰው ፊት!

ስለዚህ በቅደም ተከተል ልንገርህ።

1. ካርባይዱ፣ ማለትም ከስኪው ስር በረዶውን የሚቧጥጠው ጠንካራ ስለት። ሞተሩን አጥፋ፣ ፊቱን አንሳና ከስኪው ስር ያለውን ብረት በጓንት ዳብሰው። ሹል ጠርዙ ከጠፋ፣ ወይም ካርባይዱን የያዘው ዘንግ ተበልቶ ውፍረቱ ግማሽ ከቀረ፣ አልቆለታል። ቀይረው። የታጠፈ ከሆነም ያው ነው፣ አቃንቼ ልጠቀም አትበል። የደነዘዘ ካርባይድ መሬት አይዝም። ከፊትህ ያለፉት ስኪዎች የቀደዱትን ቦይ እየተከተለ ይሄዳል። «ይስበኛል» ያልከው ይህንኑ ነው።

ሰው ይህን ሲሰማ በጣም ስለታም የሆነውን ይገዛል። ቆይ! ትራክህ (ከስር እየተሽከረከረ ማሽኑን የሚገፋው ሰፊ ጎማ) ላይ የብረት ጥርስ ከሌለ፣ ፊቱ አጥብቆ ሲይዝ ኋላው ኩርባ ላይ ያመልጥሃል። ትራኩ በጥርስ ተሞልቶ ካርባይዱ ደካማ ከሆነ ደግሞ መሪውን አዙረህም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፊትና ኋላ መመጣጠን አለባቸው።

2. አላይመንት፣ ማለትም የስኪዎቹ አቅጣጫ። አዲሱን ካርባይድ ካሰርኩ በኋላ መሳቡ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ፊቱን አንስቼ ስኪውን በሁለት እጄ ስነቀንቀው ቋ ቋ ይላል። ከስኪው እግር ጋር የሚያያዘው የመሪ ዘንግ ጫፍ ላልቷል! ያ መካኒክ በእጁ አንዴ ቢነካው ኖሮ ያገኘው ነበር። እሱን ቀየርኩና ልኬት ውስጥ ገባሁ። ሥራው ከባድ አይደለም። ማሽኑን ሜዳ ላይ አቁም፣ መሪውን ቀጥ አድርግ። የሁለቱን ስኪ አፍንጫ በላስቲክ ገመድ ሳብ አድርገህ እሰር፤ ክፍተቱን ይውጥልሃል። ከትራኩ ጎን እስከ ስኪው የሚደርስ ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ አስጠጋና ከጣውላው እስከ ካርባይዱ ያለውን ርቀት ከፊትም ከኋላም ለካ። ሁለቱንም ጎን እንዲሁ። ስኪዎቹ ከፊት በኩል ትንሽ ወደ ውጭ መከፈት አለባቸው። በብዙ ማሽኖች ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአንተን ከመመሪያ መጽሐፉ እይ። የእኔዎቹ ጭራሽ ወደ ውስጥ ዞረዋል። በአዲስ ሾክ ላይ! የዘንጉን ማጥበቂያ ዳዶ ፈታሁ፣ ዘንጉን በጥቂት በጥቂቱ አዞርኩ፣ ለካሁ፣ ደግሜ ለካሁ። በማግስቱ ስነዳው በአንድ እጅ ቀጥ ብሎ ሄደልኝ። ችግሩ ነጂው ነው አሉ!

3. የስኪው መነሳት። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ፤ መነሳቱን የሚያስቀር ማስተካከያ መሳቡን ሊያባብሰው ይችላል። ለዚህ ነው መሳቡን አስቀድመህ ጨርስ የምልህ።

መጀመሪያ ሞላውን ለክብደትህ አስተካክል። ኋላውን ወደ ላይ ስበህ የመከላከያውን ከፍታ ለካ፣ ከዚያ ሙሉ ልብስህን ለብሰህ ተቀመጥና ሌላ ሰው ይለካልህ። ልዩነቱ የሰስፔንሽኑ (የሞላውና የሾኩ) ሙሉ እንቅስቃሴ ሲሶ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከሰመጠ ኋላው ተጭኖ ፊቱ ይቀላል፣ ስኪውም ይነሳል። የኋላውን ሞላ አጠንክር።

ካልበቃ ትራኩ ውስጥ ከፊተኛው ክንድ ጋር የታሰረችውን ቀበቶ በአንድ ቀዳዳ አሳጥራት። ጋዝ ስትሰጥ ፊቱ እንዳይነሳ የምትይዘው እሷ ናት። በአንድ ቀዳዳ ብቻ! አብዝተህ ካሳጠርክ መሪው ይከብዳል፣ ያ መሳብም ይመለሳል። ከቀበቶዋ በኋላ የትራኩን ውጥረት እንደገና እይ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ የነበረውንም ጻፍ። አለበለዚያ የቱ እንደሠራልህ አታውቅም።

አነዳድህን ባላይም ይህን ልጨምር። ፍሬኑን ኩርባው ሳይደርስ ጨርስ፣ ክብደትህን ወደ ፊትና ወደ ውስጥ አድርግ፣ ጋዙን ስትወጣ ስጥ። መሪውንም አንቀህ አትያዝ፤ ባነቅኸው ቁጥር ይብስበታል።

ካርባይዱን ከስር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ የአራቱንም ልኬት ጻፍልኝ። ሾኩን አዘህ ከሆነ ዛሬውኑ ሰርዘው።