ጣት ሲንቀጠቀጥ፦ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሰው ፊት ለመጫወት ለሚፈሩ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ቤታቸው በትርፍ ሰዓታቸው ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከሚሠሩ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ሙዚቃውን ችለውታል፤ የከበዳቸው ሰው ፊት መጫወቱ ነው። ስድስቱን መርጠን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ለብቻዬ ስሆን ሲንተሳይዘሬንና ላፕቶፔን እንደልቤ አዛቸዋለሁ። ሁለት ሰው ቆሞ ካየኝ ግን ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ፤ ድምፁን የሚያደበዝዘውንና የሚያጠራውን ፊልተር ቀስ አድርጌ ልከፍት ስል ዘልሎ ይከፈትብኛል። ከአምስት ሳምንት በኋላ የ30 ደቂቃ ጊዜ ተሰጥቶኛል። ፍርሃቱን በምን ላጥፋው?
(ጣቴ አልታዘዝ ያለኝ)

መልስ፦ ፍርሃቱን ለማጥፋት የሚያወጡትን ጉልበት ለሌላ ሥራ ያውሉት። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊን ያመነጫል፤ ልብ ይፈጥናል፤ በማንኛውም ጤነኛ ሰው እጅ ላይ ሁልጊዜ ያለች፣ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የምትርገበገብ ጥቃቅን መንቀጥቀጥም ጎልታ ትወጣለች። ይህ በፈቃድ አይቆምም። እኛ የምንመክርዎ እጅዎ እየተንቀጠቀጠም የማይበላሽ ዝግጅት እንዲሠሩ ነው። በዚህ በኩል ዕድለኛ ነዎት። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ቀስቱ ለእጁ ምን ያህል እንደሚታዘዝ መወሰን አይችልም፤ እርስዎ ግን ማዞሪያው ለጣትዎ ምን ያህል እንደሚታዘዝ አስቀድመው ይወስናሉ።

በመጀመሪያ ግን ፊልተሩ «ዘልሎ የሚከፈተው» በጣትዎ ምክንያት ላይሆን ይችላል። ማዞሪያው የቆመበት ቦታና ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ዋጋ ካልተገናኙ፣ ማዞሪያውን እንደነኩት ድምፁ ማዞሪያው ወዳለበት ቦታ በአንዴ ይዘላል። የሙዚቃ ፕሮግራምዎ ቅንብር ውስጥ «ፒክአፕ» ወይም «ቴክኦቨር» የሚል ምርጫ ይፈልጉ። ያን ሲያበሩት ማዞሪያው የድሮውን ዋጋ አልፎ እስኪሄድ ድረስ ምንም አይለወጥም። መጨረሻ የሌላቸው፣ ዙሪያውን የሚሽከረከሩ ማዞሪያዎች ለውጡን ብቻ እንዲልኩ ከተደረጉ ይህ ችግር የለባቸውም።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን ማዞሪያ ክልል ያጥብቡ። ተራ የሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቋንቋ) መቆጣጠሪያ ከ0 እስከ 127 ያሉ 128 ደረጃዎች ብቻ አሉት። ፊልተሩ ከ20 እስከ 20,000 ሄርትዝ፣ ማለትም ወደ 10 ኦክታቭ የሚሸፍን ከሆነ፣ አንዲት ደረጃ ወደ ግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ያለው ርቀት) ትጠጋለች። ጣትዎ ሦስት ደረጃ ቢንቀጠቀጥ ጆሮ ይሰማዋል። ክልሉን ከ300 እስከ 2,400 ሄርትዝ ብቻ ቢያደርጉት ሦስት ኦክታቭ ይሆናል፤ ያው መንቀጥቀጥ ከግማሽ ድምፅ በታች ይቀራል። ሬዞናንሱን (ፊልተሩ የሚቆርጥበትን ቦታ የሚያጎላውን) ከመጮህ በፊት ባለው ቦታ ላይ ያስቁሙት። የዲሌዩ (ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግመው) ፊድባክ ከ70 በመቶ እንዳያልፍ ያድርጉ፤ ከ100 ካለፈ ድምፁ ራሱን እያባዛ ይሄድና መመለሻ ያጣል። ይህን ሲጨርሱ በጣም ጠቃሚ የሆነ ፈተና አለ፦ ዓይንዎን ጨፍነው ሁሉንም ማዞሪያዎች እስከ መጨረሻቸው ያዙሩ። የሚያስደነግጥ ድምፅ ከወጣ ክልሉ ገና ሰፊ ነው።

ወሳኝ ለውጦችን ከትንንሽ ማዞሪያ ወደ ረጅም ፌደር (ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋ መቆጣጠሪያ) ያዛውሩ፤ የእጅዎን ተረከዝ ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው በአውራ ጣት ይግፉት። ማስጀመሪያና ማስቆሚያ ቁልፎች ጎን ለጎን አይሁኑ፤ በመካከላቸው ምንም የማይሠራ ቁልፍ ይተዉ።

ለሰውነትዎ ደግሞ ይህን ያድርጉ። ከመውጣትዎ በፊት ለ5 ደቂቃ፣ 4 ሰከንድ ወደ ውስጥ፣ 6 ሰከንድ ወደ ውጭ ይተንፍሱ። የወጪው እስትንፋስ መርዘም የልብን ምት ዝግ ያደርጋል። ቡና መንቀጥቀጥን ያባብሳል፤ ካፌይን በደም ውስጥ ግማሽ ለመሆን ወደ 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ማታ የሚጫወት ሰው ከቀትር በኋላ ባይጠጣ ይሻላል። ለራስዎ «ተረጋጋ» ከማለት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ማለትን ይሞክሩ። አሊሰን ውድ ብሩክስ የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪ በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ፊት ከመዝፈናቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች የተሻለ ዘፍነዋል። የፈጠነን ልብ በቃል ማዘግየት ከባድ ነው፤ ስሙን መለወጥ ግን ይቻላል።

ጥያቄ፦ ስሳሳት ሁሉም የሚያውቅብኝ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አበላሸዋለሁ።
(አንዴ ከሳትኩ የማልመለስ)

መልስ፦ ሥነ ልቦናው ላይ ጥሩ ማስረጃ አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ሙከራ፣ የሚያሳፍር ሥዕል ያለበት ካናቴራ ለብሰው ሰው መካከል የገቡ ተማሪዎች ግማሽ ያህሉ ሰው እንዳየባቸው ገምተው ነበር፤ ያየው ግን ወደ ሩብ የሚጠጋው ብቻ ነው። በእርስዎ ሙዚቃ ላይ ደግሞ አድማጩ ዋናው ምን እንደነበር አያውቅም። የሚያውቀው ፊትዎን ነው። ስለዚህ ስህተት ሲፈጠር ቀና ብለው ሰዉን አይዩ፤ ጭንቅላትዎንም አይያዙ።

በእጅዎ የሚያደርጉት ይህ ነው። በሉፕ (እየዞረ በሚደገም ቁራጭ) ላይ በቆመ ሙዚቃ አንድ ጊዜ የተሰማ እንግዳ ድምፅ ስህተት ይመስላል፤ በሚቀጥለው ዙር እዚያው ቦታ ላይ ሲደገም ታስቦበት የመጣ ይሆናል። ከበሮውን በስህተት ካጠፉት ወዲያው አይመልሱት። ጥቂት ምት ዘግይቶ የተመለሰ ከበሮ መደናገጥን ያሳብቃል። የባር ቆጣሪውን (አንድ ባር አራት ምት ነው) አይተው ለሚቀጥለው 8ኛ ወይም 16ኛ ባር መግቢያ ያቆዩት። በደቂቃ 120 ምት ላይ አንድ ባር 2 ሰከንድ ነውና፣ 8 ባር 16 ሰከንድ ለማሰብ ይሰጥዎታል።

እንደ ጠያቂያችን ያሉ ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ስህተት አለ፦ ችኮላ። ሰዓቱን መሣሪያው ስለሚጠብቅ ፍጥነቱ አይጨምርም፤ ነገር ግን የፈራ ሰው 32 ባር መቆየት ያለበትን ክፍል በ16 ባር ይዘጋዋል፣ የ30 ደቂቃው ዝግጅትም 20 ሳይሞላ ያልቃል። የእያንዳንዱን ክፍል የባር ቁጥር በወፍራም እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ይጻፉና ፊትዎ ያስቀምጡ። ስሜትዎ «ረዘመ» ሲል ወረቀቱን ይመኑ።

ጥያቄ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ሰዉ ሳይሆን ዕቃው ነው። ላፕቶፑ መካከል ላይ ቢቆምስ?
(ዕቃዬን የማላምን)

መልስ፦ ይህ ፍርሃት ትክክለኛ ነው፤ መድኃኒቱም ዝግጅት ብቻ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ምንም ፕሮግራም አያድሱ። በዕለቱ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ ማሳወቂያዎች፣ የስክሪን መተኛትና ራስ ሠር ማደስ ሁሉም ይጥፉ። ብዙ ኃይል የሚበሉ የሶፍትዌር ሲንተሳይዘሮችን ወደ ተቀዳ ድምፅ ይለውጧቸው፤ በጣም በሚከብደው ቦታ ላይ የፕሮሰሰሩ ጫና ከግማሽ ባያልፍ ደስ ይለናል። በፈሩን (ላፕቶፑ ድምፅ ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) 512 ሳምፕል ላይ ያድርጉት፤ ይህ በሰከንድ 44,100 ሳምፕል ላይ ወደ 12 ሚሊሰከንድ መዘግየት ነው፤ ሉፕ ለሚያስጀምር ሰው ምንም አይደለም። ከበሮ በጣት የሚመቱ ከሆነ ግን ይሰማዎታልና ወደ 128 ይውረዱ፤ ከዚያም ጫናውን እንደገና ይለኩ።

መጠባበቂያው ቀላል ነው። ስልክዎ ላይ ምት የሌለው፣ ለ5 ደቂቃ የሚቆይ ረጋ ያለ ድምፅ ይጫኑ፤ በበረራ ሁነታ ላይ አድርገው ከሚክሰሩ ትርፍ ቻናል ጋር ያገናኙት። ላፕቶፑ ሲቆም ስልኩን ያስጀምሩ፣ ፌደሩን ከፍ ያድርጉ፣ የላፕቶፑን ቻናል እስከ ታች ዝጉ፣ ከዚያ ብቻ ላፕቶፑን እንደገና ያስነሱ። ቻናሉን ሳይዘጉ ካስነሱት ኦዲዮ ኢንተርፌሱ (የላፕቶፑን ድምፅ የሚያወጣው ሣጥን) ሲበራ የሚያወጣው ጥይት መሰል ድምፅ በትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች ይወጣል።

ሲንተሳይዘሩ አንድ ኖታ ይዞ አልለቅም ካለ ሁሉንም ኖታ የሚያስለቅቅ የሚዲ ትእዛዝ አለ፤ ቁጥሩ 123 ነው። ድምፁን ጭራሹን የሚያስቆመው 120 ነው። አንዱን ከአንድ ቁልፍ ጋር አስቀድመው ያገናኙት።

የ50 ወይም የ60 ሄርትዝ እምምታ (ሳያቋርጥ «እምም» የሚል ወፍራም ድምፅ) ከተሰማ የላፕቶፑን ቻርጀር ለጊዜው ይንቀሉ። እምምታው ከጠፋ ምክንያቱ በመሬት መስመሩ የተፈጠረ ዙር ነው፤ መፍትሔው ትራንስፎርመር ያለበት ዲአይ ቦክስ (ላፕቶፑን ከድምፅ ማጉያው በኤሌክትሪክ የሚለይ ትንሽ ሣጥን) ነው። የሶኬቱን የመሬት መስመር መቁረጥ ሕይወት ያስከፍላልና በጭራሽ አያድርጉት። ከየዓይነቱ አንድ ትርፍ ኬብል ይያዙ፤ ተመሳሳይ መሰኪያ ባላቸው አዳፕተሮች ላይም የየትኛው ዕቃ እንደሆኑ ይጻፉባቸው። የቮልቱ መጠን አንድ ሆኖ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ የተገላበጠ አዳፕተር መሣሪያውን ሊያቃጥለው ይችላል፤ በጨለማና በጥድፊያ ይህ ስህተት ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ሰው «ኮምፒውተሩ ነው የሚጫወተው» እንዳይለኝ ሁሉንም ነገር በእጄ ልጫወት አስቤያለሁ። ልክ ነኝ?
(ማስመሰል የማልፈልግ)

መልስ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ልክ አይደሉም። ከበሮና ቤዝ በራሳቸው ይሂዱ። በእያንዳንዱ ሙዚቃ ላይ ሦስት ሥራ ብቻ ለእጅዎ ይስጡ፦ ለምሳሌ አንድ ፊልተር፣ አንድ ዲሌይ፣ አንድ በጣት የሚመታ ዜማ። ሦስቱን ግን በሙሉ ልብ ይጫወቷቸው፤ ከተቻለ መሣሪያውን ሰዉ እጅዎን እንዲያይ አዘንብለው ያስቀምጡት። ፌደሩ ሲወርድ ድምፁም ሲወርድ ያየ አድማጭ የማን ሥራ እንደሆነ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ወዳጄ ለልብ የሚሰጥ ክኒን መንቀጥቀጡን ያጠፋል ብሎ ከራሱ ሊሰጠኝ ነው። ልውሰድ?
(የቸገረኝ)

መልስ፦ ከሰው እጅ አይውሰዱ። የተባለው ፕሮፕራኖሎል ወይም መሰሉ ይመስለናል፤ መንቀጥቀጥን መቀነሱ እውነት ነው፣ ሙዚቀኞችም በሐኪም ትእዛዝ ይወስዱታል። ነገር ግን አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ ዝቅተኛ የደም ግፊት ወይም ዝግ ያለ የልብ ምት ላለበትም አይሆንም። ሐኪም አይቶ ካዘዘልዎ፣ እንዴት እንደሚስማማዎ ከዝግጅቱ ቀን በፊት ቤት ውስጥ መሞከር ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁት። አልኮልም መተኪያው አይደለም፤ ጆሮንና የጊዜ ስሜትን ያደነዝዛል።

ጥያቄ፦ በየቀኑ እለማመዳለሁ፤ ፍርሃቱ ግን አልቀነሰም። ምን ጎደለኝ? የመጨረሻዋን ሰዓትስ እንዴት ላሳልፋት?
(ልምምድ ያልጠቀመኝ)

መልስ፦ የሚለማመዱት ተቀምጠው፣ ብርሃን ባለበት፣ ሲሳሳቱ እያቆሙ ከሆነ የተለማመዱት ማቆምን ነው። አምስት ሳምንት ላለው ሰው እንዲህ እንከፍለዋለን። በመጀመሪያው ሳምንት ዝግጅቱን ይጨርሱ፤ ለ30 ደቂቃ 25 ደቂቃ ሙዚቃ ይበቃል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አዲስ ድምፅ መጨመር ይቁም፤ በቀን አንድ ጊዜ ቆመው፣ ጠረጴዛውን ወደ ክርንዎ ከፍታ አስጠግተው፣ መብራት ቀንሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡ ይጫወቱ። ይቅዱት፤ ግን የሚያዳምጡት በማግስቱ ይሁን። በዕለቱ የሚሰሙት ስህተቱን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሳምንት የብልሽት ነው። የፈሩት ይደርሳል ይባላልና ቤትዎ ድረስ ይጥሩት። ስምንት ቁራጭ ወረቀት ላይ ስምንት ብልሽት ይጻፉ፦ የድምፅ ኬብል ተነቀለ፣ ድራም ማሽኑ ከሰዓቱ ወጣ፣ ላፕቶፑ ቆመ፣ ሄድፎኑ ዝም አለ፣ የተሳሳተ ሙዚቃ ተጀመረ፣ ኖታ ተጣበቀ፣ መብራት ጠፋ፣ አንዱ ድምፅ ማጉያ ዝም አለ። የሚረዳዎ ሰው አንዱን ሳያሳይዎ አውጥቶ፣ በፈለገው ደቂቃ ያድርግብዎ። ድምፅ ማጉያውን ድምፁ ዝቅ ካለ በኋላ ብቻ ይንቀል። ከስምንቱ አምስቱን በእጅዎ ከፈቱ በኋላ ፍርሃቱ ራሱ መልኩን ይለውጣል፤ «ምን ይፈጠር ይሆን» የሚለው «ይህ ከሆነ ያን አደርጋለሁ» ይሆናል።

በአራተኛው ሳምንት ልብዎን ያፍጥኑት። ደረጃ ላይ ለሁለት ደቂቃ ሮጠው እያለከለኩ ጀምሩ። ልብ እየመታ፣ እጅ እየተንቀጠቀጠ መጫወት የሚለመደው እንዲህ ነው። ከዚያ አንድ ሰው ፊት፣ ቀጥሎ ሦስት ሰው ፊት ይጫወቱ። አምስተኛው ሳምንት ዕቃ ማሰርና መፍታት ነው፦ ሁሉንም ሻንጣ ውስጥ ከተው፣ አውጥተው፣ አገናኝተው ድምፅ እስኪወጣ በ15 ደቂቃ መጨረስ አለብዎት። የተገናኘውን ፎቶ ያንሱ። በዋዜማው ሙሉውን አይጫወቱ።

በዕለቱ ለሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት ለሚደረገው የድምፅ ፍተሻ) ቀድመው ይድረሱ፤ መጀመሪያ ከሁሉም የሚጮኸውን ክፍል ያጫውቱ። ከማስተሩ (ሁሉም ድምፅ ተቀላቅሎ ከሚያልፍበት ቻናል) የሚወጣው ከፍተኛ ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዲሲቤል አካባቢ ይሁን፣ ሊሚተሩም (ድምፁ ከልክ እንዳያልፍ የሚያግደው) ከዜሮ በታች 1 ላይ ይጠብቅ። ለድምፅ ባለሙያው ሁለት ነገር ይንገሩት፦ በስንት ኬብል እንደሚያወጡና ከዚህ የበለጠ የሚጮህ ድምፅ እንደማይመጣ። ድምፅ ማጉያዎቹ ሞኖ (ግራና ቀኙን ሳይለዩ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚያወጡ) ከሆኑ ግራና ቀኝ የተዘረጋው ሲንተሳይዘርዎ ሊሳሳ ይችላልና ያዳምጡት። በመጨረሻዋ ሰዓት ቅንብር አይንኩ፤ ውኃ ይጠጡ፣ እጅዎን ያሙቁ፣ የቀዘቀዘ ጣት የባሰ ይደነዝዛል።

መግቢያዎም ለፈራ እጅ የተሠራ ይሁን። ፍርሃቱ የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለሆነ፣ ራሱን ችሎ የሚሄድ 64 ባር ያህል ድምፅ ያዘጋጁ። በደቂቃ 120 ምት ላይ ይህ 2 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራዎ አንድ ፌደር ከታች ወደ ላይ መግፋት ብቻ ነው።