የጣናን ምስሎች ከተርሚናል ማስላት፦ ቀመሩ ትክክል ሆኖ ውጤቱ ሲበላሽ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ለሌሎችም እንዲገባ ባጭሩ ልድገመው። በጣና ላይ ያለውን እምቦጭ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ሴንቲኔል 2 በሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት ምስሎች እየለካሽ ነው። ላፕቶፕሽ የካርታ ፕሮግራሙ ኪውጂአይኤስ ላይ ስለሚጨናነቅ ወደ ጂዳል፣ ማለትም ምስሎችን ከተርሚናል በጽሑፍ ትእዛዝ ወደሚሠራው ፕሮግራም ዞርሽ። ኤንዲቪአይ (የእጽዋት አረንጓዴነት መለኪያ፦ ኢንፍራሬዱ ሲቀነስ ቀዩ፣ ለሁለቱ ድምር ተካፍሎ) ስታሰሪው ግን የብሱ ላይ 0 እና 1 ብቻ፣ ሐይቁ ላይ ደግሞ 24 እና 31 የመሰሉ ቁጥሮች መጡብሽ። ኤንዲቪአይ ከ−1 እስከ 1 መሆን እንዳለበት ታውቂያለሽ። ቀመሩንም ደጋግመሽ አይተሽዋል።

ቀመሩ ልክ ነው። እኔ ከሳተላይት ምስል ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት እንዳየሁት ሰው የሚሰናከለው ቀመሩ ላይ አይደለም። ቁጥሩ ወደ ቀመሩ ሲገባ ምን ዓይነት እንደነበር እና ሲወጣ በምን ዓይነት እንደተጻፈ ላይ ነው። ያንቺም ችግር እሱ ነው። ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለት ችግር ተደራርቦ ነው ያለው።

የሴንቲኔል ባንዶች፣ ማለትም ምስሉ በየብርሃን ዓይነቱ የተለየባቸው ንብርብሮች፣ የሚቀመጡት በ16 ቢት፣ ምልክት በሌለው ሙሉ ቁጥር ነው። ከ0 እስከ 65535 ብቻ። ከዜሮ በታች የሚባል ነገር አያውቁም። ውኃ ላይ ደግሞ ኢንፍራሬዱ ከቀዩ ያንሳል። ኢንፍራሬዱ 900፣ ቀዩ 1200 ነው እንበል። 900 ሲቀነስ 1200 መሆን ያለበት −300 ነበር። ግን ይህ የቁጥር ዓይነት −300 ማለት ስለማይችል ከላይኛው ጫፍ ዞሮ 65236 ይላል። የድሮ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ከዜሮ ወደ ኋላ ሲዞር 99999 እንደሚያሳየው ማለት ነው። 65236ን ለሁለቱ ድምር፣ ለ2100 አካፍይው። 31 ይመጣል። ያየሽው 31 ከዚህ ነው የተወለደው።

ሁለተኛው ችግር አጻጻፉ ነው። የውጤቱን ዓይነት ካልነገርሽው ጂዳል ካልክ፣ ማለትም የጂዳል የሒሳብ ትእዛዝ፣ ከግብዓቶቹ ይወስዳል። ስለዚህ 0.7 የነበረው ወደ 1፣ 0.3 የነበረው ወደ 0 ተጠጋግቶ ተጻፈ። የብሱ ላይ 0 እና 1 ብቻ ያየሽው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ሁለቱንም መንካት ነው። ጂዳል ካልክ ቀመርሽን የሚያሰላው ነምፓይ በሚባለው የፓይተን የሒሳብ ጥቅል ነው። ስለዚህ ቀመሩ ውስጥ ሁለቱን ባንዶች ከሚወክሉት ፊደላት፣ ከኤ እና ከቢ ኋላ ነጥብ አስታይፕ፣ ቅንፍ ውስጥ ፍሎት (ክፍልፋይና ከዜሮ በታች የሚይዝ ቁጥር) ብለሽ ጨምሪ። ከዚያ ታይፕ የሚለውን አማራጭ ፍሎት 32 አድርጊው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ያደርግና የተስተካከለ ይመስለዋል። የብሱ ቆንጆ ሆኖ ይወጣላ! ታይፕ የሚወስነው ግን ሲጻፍ ያለውን ብቻ ነው። መቀነሱ ውስጥ ለውስጥ በድሮው ዓይነት ነው የሚሠራው። ሐይቁ እንደተበላሸ ይቀራል፣ ያንቺ ጥናት ደግሞ ሐይቁ ላይ ነው።

አሁን ያልጠየቅሽውን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ከላይኛው ይልቅ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። የላይኛው ስህተት 31 ብሎ ይጮኻል። ይሄኛው ግን ዝም ብሎ ነው የሚያበላሸው።

ከጥር 25 ቀን 2022 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲ የሴንቲኔል 2ን አቀነባበር ቀይሯል። ከዚያ በኋላ በተቀነባበሩት ምስሎች ውስጥ በየፒክሰሉ 1000 ተጨምሮበታል። ወደ ነጸብራቅ ለመመለስ መጀመሪያ 1000 ትቀንሺያለሽ፣ ከዚያ ለ10000 ታካፍያለሽ። የድሮዎቹ ለ10000 ማካፈል ብቻ ነበር የሚፈልጉት። ምን ለውጥ ያመጣል ካልሽ፣ አረንጓዴ የተኛበት አንድ ፒክሰል ውሰጂ። ኢንፍራሬዱ 3400፣ ቀዩ 1400 ይላል። እንዳለ ብታሰይው 2000 ሲካፈል ለ4800፣ 0.42 ገደማ ነው። 1000ውን ከሁለቱም ብትቀንሺ ግን 2000 ሲካፈል ለ2800፣ 0.71 ነው። ፒክሰሉ ያው ነው፣ ተክሉም ያው ነው።

አስቢው እንግዲህ። አንድ ተመራማሪ 2019ን ከ2023 ጋር በአንድ መቁረጫ ቁጥር (ከእሱ በላይ ያለው ኤንዲቪአይ እምቦጭ ተብሎ በሚቆጠርበት) ቢያወዳድር እምቦጩ በጣም ቀንሶ ያገኘዋል። ያ ቁጥር ሪፖርት ላይ ይወጣል። አረሙን በእጃቸው እየነቀሉ ላሉ የደምቢያና የፎገራ ገበሬዎች "ችግሩ እኮ ቀንሷል" የሚል ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ እባክሽ ከእያንዳንዱ ምስል ጋር የሚመጣውን የኤክስኤምኤል ሜታዳታ ክፈቺና ቦአ አድ ኦፍሴት የሚለውን ፈልጊ። −1000 ካለ ቀንሺ። በቀኑ ብቻ አትወስኚ። የድሮ ምስሎችም በአዲሱ መንገድ እንደገና ተቀነባብረዋል። አንዳንድ አከፋፋዮች ደግሞ ቀድመው አስተካክለው ነው የሚሰጡት። ቀመሩ ላይ ለውጡ ትንሽ ናት። ላይኛው ላይ 1000ዎቹ ይጣፋሉ፣ ታችኛው ላይ ከድምሩ 2000 ትቀንሺያለሽ። አስታይፑን አትርሺ።

ደመናውስ? ክረምት ላይ ጣና ከደመና ስር ነው፣ ታውቂዋለሽ። ከምስሉ ጋር ኤስሲኤል የሚባል ንብርብር አብሮ ይመጣል። እያንዳንዱን ፒክሰል በቁጥር ይመድበዋል። 3 የደመና ጥላ፣ 8 እና 9 ደመና፣ 10 ስስ ደመና ነው። እነዚህን አውጪያቸው። ግን ኤስሲኤል የሚመጣው በ20 ሜትር ነው፣ ቀዩና ኢንፍራሬዱ (ባንድ 4 እና ባንድ 8) በ10 ሜትር ናቸው። ጂዳል ካልክ መጠናቸው ያልገጠመ ፋይሎችን አልቀበልም ይላል። በጂዳል ዋርፕ ወደ 10 ሜትር አምጪው፣ አዲሶቹን ፒክሰሎች የሚሞላበትን ዘዴ ኒር፣ ማለትም የቅርቡን ጎረቤት ውሰድ የሚለውን አድርገሽ። አማካይ የሚወስደውን ባይሊኒየር እንዳትጠቀሚ። 4 እጽዋት ነው፣ 8 ደመና ነው። የሁለቱ አማካይ 6 ነው፣ 6 ደግሞ ውኃ ነው። የደመናው ጠርዝ ሁሉ ሐይቅ ይሆንብሻል።

መጠን ስለገጠመ ቦታ ገጠመ ማለት እንዳልሆነም ልብ በይ። ጂዳል ካልክ ካላዘዝሽው በስተቀር ፕሮጀክሽንና ቦታ አያመሳክርም። የረድፍና የአምድ ቁጥራቸው እኩል ከሆነ ጎንደርን ከባሕር ዳር ጋር ቢሆንም ያሰላልሻል። ስለዚህ ዋርፕ ስታደርጊ ለሁሉም አንድ ዓይነት ወሰን ስጪ። ጣና ደግሞ ከአንድ ታይል (ምስሎቹ ተከፋፍለው ከሚመጡበት ካሬ ቁራጭ) በላይ ላይ ነው የሚያርፈው። ታይሎቹ ሁሉ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ስለሆኑ በጂዳል ቢልድ ቪአርቲ አያይዣቸው። ቪአርቲ ምስሉን አይቀዳም፣ የት እንዳለ ብቻ ነው የሚጽፈው። ዲስክሽ አይሞላም።

የኖ ዳታ፣ ማለትም መረጃ የሌለው ባዶ ቦታ ነገርም አለ። የሴንቲኔል ፋይሎች ባዶው ቦታ ላይ 0 አላቸው፣ ግን ፋይሉ "0 ማለት ባዶ ነው" ብሎ አይናገርም። ቪአርቲውን ስትሠሪ 0 ኖ ዳታ መሆኑን ንገሪው። ለውጤቱ −9999 ይበቃል።

ትእዛዙን ስትጽፊ ቀመሩን ሁልጊዜ በጥቅስ ውስጥ አድርጊው። ዊንዶውስ ላይ ከሆንሽ ከኪውጂአይኤስ ጋር አብሮ የሚጫነውን ኦኤስጂኦፎርደብልዩ ሼል ክፈቺና ድርብ ጥቅስ ተጠቀሚ። ያለ ጥቅስ "ይበልጣል" የሚለውን ምልክት ከጻፍሽ ተርሚናሉ "ውጤቱን ወደዚህ ፋይል ጻፍ" ብሎ ይተረጉመዋል። ፎልደርሽ ውስጥ 0.4 የሚባል ፋይል ካየሽ ከዚያ ነው የመጣው። ሁለት ሁኔታ ስታጣምሪ ደግሞ የፓይተኑ ኤንድ («እና» የሚለው ቃል) አይሠራልሽም። እያንዳንዱን በቅንፍ አስገብተሽ አባዢያቸው፣ ወይም ሎጂካል ኤንድ የሚለውን የነምፓይ ትእዛዝ ተጠቀሚ።

ስለ ላፕቶፕሽ አትጨነቂ። ጂዳል ካልክ ምስሉን በሙሉ ራም ላይ አይጭነውም፣ በብሎክ በብሎክ እያነበበ ነው የሚሠራው። አንድ ታይል 10980 በ10980 ፒክሰል ነው፣ አቅም የሌለው ማሽንም ይወጣዋል። የሚያዘገየው የጄፔግ 2000 ፋይሉን መፍታት ነው። መጀመሪያ ወደ ጂኦቲፍ ቀይሪው፣ ታይልድ እና በዲፍሌት የታመቀ አድርገሽ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ይፈጥናል። ውጤትሽ ከ4 ጊጋ ይበልጣል ብለሽ ከጠረጠርሽ ቢግቲፍ የሚለውን ከመጀመሪያው የስ በይው። ተራ ቲፍ ከዚያ በላይ አይሄድም፣ መሃል ላይ ነው የሚሰበረው።

ሥራውን ለሁሉም ምስሎች የሚደጋግም ሉፕ ከመጻፍሽ በፊት አንድ ምስል ላይ ፈትሺ። ጂዳል ሎኬሽን ኢንፎ የሚባል ትእዛዝ አለ። ደብልዩጂኤስ84 የሚለውን አማራጭ ጨምረሽ ኬንትሮስና ኬክሮስ ስትሰጪው የዚያን ፒክሰል ዋጋ ይነግርሻል። ሐይቁ መሃል አንድ ነጥብ፣ እምቦጭ እንዳለ በእርግጥ ከምታውቂው የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ሌላ ነጥብ ውሰጂ። የሁለቱንም ባንዶች ዋጋ አንብቢ፣ በስልክሽ ካልኩሌተር አስይ፣ ከውጤቱ ጋር አስተያዪ። እኔ ይህን ሳላደርግ ሉፕ አላስነሳም። ሲገጥም ያለ ስጋት ሁሉንም ቀኖች በአንድ ሌሊት አስኪጂው። ትእዛዞቹንም በፋይል አስቀምጪ፣ አማካሪሽ ውጤቱ እንዴት እንደመጣ መስመር በመስመር ማየት ይችላሉ።

ስፋቱን ስታወጪ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ፒክሰል 100 ካሬ ሜትር ነው፣ 100 ፒክሰል አንድ ሄክታር ነው። ከመቁረጫው በላይ ያለውን 1፣ የቀረውን 0 አድርገሽ ቁጠሪ። ግን ኤንዲቪአይ እምቦጭን ከደንገል አይለይም። ውኃው ሲሸሽ ዳር ላይ ከሚበቅለው ሣርና ሰብልም አይለይም። መቁጠር ያለብሽ በሐይቁ ወሰን ከቆረጥሽ በኋላ ነው። የሐይቁ ከፍታ በየወቅቱ ስለሚለያይ ያ ወሰን በየትኛው ወር እንደተሣለ ጽሑፍሽ ላይ ግለጪው። የመስክ ነጥብ ካለሽ ደንገሉን ለይተሽ አውጪው። እዚህ ላይ የምታጠፊው ጊዜ ቀመሩ ላይ ካጠፋሽው ይልቅ ውጤትሽን ያሻሽለዋል።

ሌላ ጥያቄ ካለሽ የጂዳል ኢንፎውን ውጤትና ሙሉ ትእዛዙን እዚሁ ለጥፊ፣ ፎቶ ሳይሆን ጽሑፉን። የጂዳል ቨርዥንሽንም ጨምሪበት። ከ3.11 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2025 ወዲህ፣ ጂዳል ራስተር ካልክ የሚባል አዲስ ትእዛዝ ስላለ ከኢንተርኔት የቀዳሽው ምሳሌ የየትኛው እንደሆነ ካላወቅን በማይገናኝ አጻጻፍ እንደናገራለን።