አስከሬን የሚሰጠው ምስክርነት፦ የሕግ ሕክምና ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ስለ አስከሬን ምርመራ ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ለአራቱ እነሆ መልሴ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ዶክተር፣ ጎረቤታችን ከሰል ቤት አስገብተው እንደተኙ ሞተው አደሩ። ሰዉ ግን «መርዝ አብልተዋቸው ነው» እያለ ያወራል። በምን ይለያል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ሲሆን፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሚይዘው፣ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። ልብ ሲቆም ደም ወደ ታችኛው የሰውነት ክፍል ወርዶ ቀለም ይተዋል፤ ይህ ቀለም ዘወትር ወይን ጠጅ ሲመስል፣ በከሰል ጭስ በሞተ ሰው ላይ ግን ደማቅ ቀይ ይሆናል። ጠይም ቆዳ ላይ ለመለየት ስለሚያስቸግር ጥፍር ሥርንና የከንፈርን ውስጥ ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። ሆኖም ብርድ ላይ ያደረ አስከሬንም ወደ ቀይ ስለሚያደላ፣ በእኛ ከተማ ቀለም አይቶ ብቻ መፍረድ አደገኛ ነው፤ ቁርጡ የሚታወቀው ጋዙ ከደም ናሙና ሲለካ ነው።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ሰው የሞተበት ሰዓት በትክክል ይታወቃል?

መልስ፦ በግምት እንጂ በደቂቃ አይታወቅም። በአንድ ሌሊት የሞቱ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ብርዳማው ደብረ ብርሃን ሌላው ሞቃታማው ሸዋ ሮቢት እናንተ ዘንድ ቢሆኑ፣ የመጀመሪያው ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ የሁለተኛው ቶሎ ይፈርሳል። ስለዚህ የቦታው ሙቀት ወዲያውኑ ተለክቶ ይመዝገብ። ዝንቦች የሚጥሉት እንቁላልና ትሉ የደረሰበት ዕድገትም ቀኑን ለመገመት ይረዳል። ዝንብን ለምርመራ መጠቀም ጥንታዊ ነው፤ ቻይናዊው ዳኛ ሶንግ ጺ በ1247 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በጻፈው መጽሐፍ፣ በማጭድ ተገድሎ ስለተገኘ ሰው ይተርካል፤ መንደርተኛው ማጭዱን መሬት ላይ እንዲደረድር ታዝዞ፣ ዝንቦች ዓይን በማያየው ደም ምክንያት አንዱ ላይ ብቻ ሰፈሩ። የእኛም አባቶች በአውጫጭኝ መንደሩን ይሰበስቡ ነበር፤ ይሁንና የሚፈልጉት የሰውን ቃል ነበር፣ ቃል ደግሞ ይዋሻል።

ጥያቄ (ከአንኮበር)፦ ዲኤንኤ የሚጠቅመው ወንጀለኛን ለመያዝ ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሰውን በዲኤንኤ (በሴሎቹ ውስጥ ባለው የዘር መለያ) የመለየቱን ዘዴ በ1984 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) እንግሊዛዊው አሌክ ጄፍሪስ ካገኘው በኋላ፣ በሁለት ልጃገረዶች ግድያ ምርመራ ላይ ሲውል መጀመሪያ ያደረገው ነገር፣ አንዱን ግድያ ፈጽሜአለሁ ብሎ ያመነን ንጹሕ ወጣት ነጻ ማውጣት ነበር። እውነተኛው ገዳይ የተፈረደበት በ1988 ነው።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ የልጄ ገላ እንዲቀደድ አልፈልግም። ያለ ቢላዋ መመርመር አይቻልም?

መልስ፦ እናቴ፣ ፍላጎትዎ ሊከበር የሚገባው ነው። በስዊዘርላንድ የበርን ከተማ ተመራማሪዎች አስከሬንን የገላን ውስጥ በምስል በሚያሳዩት በሲቲ ስካንና በኤምአርአይ መሣሪያዎች የሚመረምሩበትን ዘዴ አዳብረዋል፤ የተሰበረ አጥንትና በገላ ውስጥ የቀረ ጥይት በደንብ ይታያል። መርዝን ግን ምስሉ አያሳይም፤ ለእሱ ቢያንስ ደምና ሽንት በመርፌ መወሰድ አለበት። ሐኪሙ እስኪያየው ድረስ ገላው አይታጠብ፤ ደም የነካው ልብስም በላስቲክ ከታሰረ ስለሚሻግት፣ ደርቆ በወረቀት ይጠቅለል።