ልጁን የምንሰማበት መሣሪያ

በአዳማና በዙሪያዋ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

በ1977 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ሁለተኛ ክፍል እንዳስተምር ስመደብ በክፍሉ ውስጥ የነበረው የማስተማሪያ መሣሪያ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የፊደል ገበታ ብቻ ነበር። ከ36 ዓመት በኋላ ጡረታ ስወጣ ግን አጠገቤ ይሠሩ የነበሩት ወጣት መምህራን ሁሉ ፎቶ የሚያነሳና ድምፅ የሚቀዳ ስልክ በኪሳቸው ይዘው ክፍል ይገቡ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ኮምፒዩተርም ወደ ትምህርት ቤት ሲገቡ አይቻለሁ፤ እያንዳንዱ ሲመጣ ተደስቻለሁ፣ ከእያንዳንዱም ተምሬያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከዚያ ሁሉ ስለተረፈኝ አንድ ሐሳብ ነው። እስከ ዛሬ ወደ ክፍል ያስገባናቸው መሣሪያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ለልጁ የሚናገሩ እንጂ ልጁን የሚሰሙ አልነበሩም። እናንተ የያዛችሁት ስልክ ሁለቱንም ይችላል፤ የምለምናችሁም አስቀድማችሁ ለመስማት እንድትጠቀሙበት ነው።

የትምህርት በሬዲዮ ሥርጭትን በፍቅር አስታውሰዋለሁ። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ዝግጅቱም የተጠና ነበር፤ መዝሙሩ ሲጀመር ልጆቹ አብረው ያጨበጭቡ ነበር። ነገር ግን ሬዲዮው ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይልና፣ ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ መለሰችም አልመለሰችም፣ አመስግኖ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ልጅቷ አለመመለሷን የማወቅ ኃላፊነት የእኔ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዓይኔን ከመምህሩ መምሪያ ላይ ሳልነቅል ሬዲዮውን ለመከተል እጣደፍ ነበር።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተተከለው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ይህንኑ ጉድለት አጉልቶ አሳየ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በሳተላይት ይሠራጭ ነበር፤ ለመምህሩ የሚተርፉት መግቢያውና መዝጊያው ላይ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ፤ ተማሪው ማስታወሻውን ጽፎ ሳይጨርስ ምስሉ ይቀየር ነበር። የቤተ ሙከራ ዕቃ በሌለበት ትምህርት ቤት ሙከራን በምስል ማየት ትልቅ ነገር መሆኑን አልክድም። ሆኖም ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አያየውም ነበር።

ቀጥሎ ታብሌቱ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከውጭ የመጣ አንድ ፕሮጀክት በወንጪና እኛው አጠገብ ባለችው ወለንጪቲ አካባቢ ማንበብ ለማያውቁ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ታብሌት አድሎ፣ መምህር ሳይመድብ፣ ልጆቹ በራሳቸው ምን ያህል እንደሚማሩ ለማየት ሞክሮ ነበር። ልጆቹ ታብሌቱን በፍጥነት ከፍተው መጠቀም መቻላቸው ብዙ ተወርቶለታል፤ የልጆቻችንን ብሩህነት ለማያውቅ ሰው በእርግጥ ያስደንቃል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ እነዚያ ልጆች ፊደል ሲሳሳቱ ማን ሰማቸው? በፔሩ ገጠር በ319 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ የተደረገና ውጤቱ በዚያው ዓመት የታተመ ጥናት ላፕቶፕ ማደል ብቻውን በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ውጤት ላይ የታየ ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። ይህን የምነግራችሁ ከመሣሪያ እንድትርቁ አይደለም፤ መሣሪያ ሲመጣላችሁ ሥራው እንደተጠናቀቀ እንዳትቆጥሩት ነው።

በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ታውቋል። ያን ውጤት ስሰማ ለብዙ ቀን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ልጆቹ በየቀኑ ክፍል ውስጥ ነበሩ፤ በጋራ "ሀ ሁ ሂ" ሲሉም ድምፃቸው ከሌሎቹ ጋር ይሰማል። በጋራ ሲባል ሁሉም ያነባል፤ ለየብቻ ሲጠየቁ ነው ገበናው የሚገለጠው። ለየብቻ ለመጠየቅ ደግሞ ጊዜ የለንም። እስቲ አስሉት፦ ክፍላችሁ 60 ልጆች ቢኖሩትና እያንዳንዱ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ቢያነብ 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ ክፍለ ጊዜው ግን 40 ደቂቃ ነው።

ስልካችሁ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በቀን 12 ልጆች፣ ሌሎቹ ጽሕፈት ሲለማመዱ፣ ተራ በተራ በረንዳ ላይ ወይም ከዛፍ ሥር ወጥተው አንዲት አጭር ምንባብ ለአንድ ደቂቃ ያንብቡና ድምፃቸው ይቀዳ። በአምስት ቀን 60ውም ይዳረሳሉ። ማታ ቤታችሁ ሆናችሁ የምታዳምጡት የ12 ደቂቃ ቅጂ ነው፤ ደብተር ከማረም አይበልጥም። ኔትወርክ አይፈልግም፣ መብራት ቢጠፋም ባትሪው እስካለ ይሠራል፣ ከወላጅም ገንዘብ አይጠይቅም። መቅዳቱን ራሳቸው ልጆቹ በአንድ ሳምንት ይለምዱታል። የሚያፍር ልጅ ቢኖር አታስገድዱት፤ ጓደኛውን ይዞ እንዲወጣ ፍቀዱለት፣ በሦስተኛው ሳምንት ብቻውን መሄድ ይፈልጋል።

ስታዳምጡ የምትፈልጉትን ለይታችሁ እወቁ። ስህተት መቁጠር ብቻ ልጁን አይጠቅመውም። በአማርኛ መጥበቅና መላላት በፊደል እንደማይታይ ታውቃላችሁ። "ገና" ላልቶ ሲነበብ "እስካሁን" ማለት ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። "አለ" ላልቶ "ተናገረ"፣ ጠብቆ "ይገኛል" ነው። ሶደሬ ሄዶ ዋና የተማረ ልጅና ዋናውን መንገድ የተሻገረ ልጅ ወረቀት ላይ ቃላቸው አንድ ነው። እንግዲህ ልጁ "አያቴ ቤት ውስጥ አለ" የሚለውን አላልቶ ካነበበው ፊደሎቹን አውቋቸዋል፣ ትርጉሙ ግን አልገባውም። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ፈተና አታገኙትም፤ በጆሮ ብቻ ነው የሚገኘው፣ በ60 ልጆች ጫጫታ መካከል ደግሞ ጆሮ አይደርስበትም። ቅጂውን ሁለት ጊዜ ስታዳምጡት ግን ልጁ የቱ ጋ እንደቆመ በግልጽ ይሰማችኋል።

በአዳማ ይህ ነገር ይበልጥ ይከብዳል፤ ከተማችን አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን የሚነገሩባት ናትና። በቁቤ፣ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ማንበብ የጀመረ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ተነባቢው ሲጠብቅ ፊደሉ ተደግሞ ተጽፎ ማየት ለምዷል። ያ ልጅ አማርኛ ሲያነብ የሚጠብቀውን ሁሉ ቢያላላ ሰነፍ አይደለም፤ ዓይኑ የለመደውን ምልክት ፈልጎ አላገኘውም። እኔ ይህን ሳላውቅ ለዓመታት "አታስተውልም" እያልኩ ልጆችን አሳዝኛለሁ። የገባኝ አንድ ተማሪዬ በሁለቱም ቋንቋ ያነበበውን ቀድቼ አንዱን ከሌላው ጋር ሳስተያይ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ ሲያነብ እንደ ውኃ የሚፈስ ልጅ ነበር። ያን ቀን ቀድሞ ባውቀው ኖሮ ብዬ ያዘንኩትን ኀዘን እናንተ እንድታዝኑት አልፈልግም።

ድምፅ መቅዳት ለንባብ ብቻ አይደለም። ልጆቹ ቤታቸው ሄደው አያታቸው "ተረት ተረት" ብላ የምትጀምረውን፣ እነሱም "የላም በረት" ብለው የሚቀበሉትን ተረት በወላጅ ስልክ ቀድተው እንዲያመጡ አድርጉ። ስልክ የሌለበት ቤት ካለ፣ ይኖራልም፣ ያ ልጅ ሰምቶ በቃሉ ይዞ ይምጣና በእናንተ ስልክ ይተርከው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ትምህርት በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በቴሌግራም ሲሰጥ አባት ማታ እስኪመለስ ስልክ የማያይ ልጅ ስንት እንደነበር አይተናልና፣ የቤት ሥራችሁ ማንንም ወደ ኋላ እንዳያስቀር አስቡበት። የመጣውን ተረት ክፍል ውስጥ እያቆማችሁ አሰሟቸው፤ ልጆቹ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር በደብተራቸው ይጻፉት። አያቱ የተናገረችው ቃል በራሱ እጅ ጽሑፍ ሆኖ ሲወጣ ያየ ልጅ ፊደል ለምን እንደሚያገለግል ከዚያ በኋላ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ካሜራውም እንዲሁ ልጁ ያየውን ደግሞ እንዲያይ ይዋል። ሱፐርቫይዘር ሆኜ በጉድኝታችን ትምህርት ቤቶች ስዘዋወር አንዲት ወጣት መምህርት ስድስተኛ ክፍልን ስለ ንፋስ ኃይል ስታስተምር አገኘኋት። ከከተማው ወጣ ብሎ ካሉት ተርባይኖች አንዱን ለአንድ ደቂቃ ቀርጻ አምጥታ "በደቂቃ ስንት ጊዜ ዞረ?" ብላ ጠየቀች። አንዱ ቡድን ከሌላው ሦስት እጥፍ ቆጠረ፤ ክርክሩም ጦፈ። እሷ መልሱን አልነገረቻቸውም፤ ቪዲዮውን ደግማ ከፈተችላቸው። በሦስተኛው እይታ አንዲት ልጅ ተነስታ፣ ሦስት እጥፍ ያገኘው ቡድን የቆጠረው እያንዳንዱን ክንፍ እንደሆነና ክንፎቹም ሦስት ስለሆኑ ለሦስት መካፈል እንዳለበት አስረዳች። ከዚያ መምህርቷ የአዳማ አንድ ጣቢያ 34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት፣ የአዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዳላቸው ጻፈችላቸውና እንዲያካፍሉ አዘዘች፤ በሁለቱም 1.5 ሲመጣ የክፍሉ ደስታ ልዩ ነበር። ከሁሉም የወደድኩት መምህርቷ በዚያ ክፍለ ጊዜ ከልጆቹ ያነሰ መናገሯን ነው።

ስለ ንብረት አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው እዚያ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት በእርዳታ የመጡ ኮምፒዩተሮች በጨርቅ ተሸፍነው፣ ክፍሉ ተቆልፎ፣ ዓመታት ሲያልፉ አይቻለሁ። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ዕቃው በአንድ ሰው ስም ተመዝግቦ ነበር፤ ቢበላሽ ከደመወዙ ይቆረጥብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ቁልፉን አይሰጥም። ስለዚህ መሣሪያ ሲመጣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር በመጀመሪያ የምትነጋገሩት ስለ አጠቃቀም ሥልጠና ሳይሆን፣ ለትምህርት ሲውል ያረጀና የተበላሸ ዕቃ ዕዳ እንደማይሆን በጽሑፍ ስለማስፈር ይሁን።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች የዕለት ትምህርት ዕቅድ ሲጽፉላችሁ አያለሁ። ድካም ካቀለሉላችሁ ተጠቀሙባቸው፤ ነገር ግን ያልታረመ አማርኛና ያልተጣራ መረጃ ወደ ልጅ ደብተር እንዳይገባ እያንዳንዱን መስመር አንብቡ። እነሱ ክፍላችሁን አያውቁትም።

በጣም የምጠነቀቅበት ጉዳይ ደግሞ የልጆቹ ድምፅና ምስል ነው። ተማሪ ሲሳሳት ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ቀልድ አይደለም፤ የሕፃን ገበና ማውጣት ነው፣ ልጁ ካደገም በኋላ ይከተለዋል። አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ ሕጉ ባይኖርም እንኳ ልጁን አምኖ የሰጣችሁ ወላጅ አለ። ከመቅዳታችሁ በፊት ወላጆችን ሰብስባችሁ ለምን እንደምትቀዱ ንገሯቸው፣ ፈቃዳቸውንም በፊርማ ያዙ። ፋይሉን በልጁ ስም ሳይሆን በክፍል ውስጥ ባለው ተራ ቁጥሩና በቀኑ ሰይሙት። ወደ ማንም አትላኩት።

ከቅጂዎቹ ግን የጥቅምቱን አታጥፉ። ሰኔ ላይ ያንኑ ምንባብ ደግሞ ያንብብና፣ ወላጅ ውጤት ለመቀበል ሲመጣ ልጁን አጠገቡ አስቀምጣችሁ መጀመሪያ የጥቅምቱን፣ ቀጥሎ የሰኔውን አሰሟቸው። ማንበብ የማይችሉ እናት ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ምን እንደሆነ ላያውቁ ይችላሉ፤ የልጃቸውን ድምፅ ግን ያውቁታል። ልጁ ፊደል እየቆጠረ ሲደነቃቀፍ፣ ከዚያም ሳይቆም ሲያነብ ሰምተው ሲጨርሱ፣ ሁለቱንም ቅጂ እዚያው ፊታቸው አጥፉላቸው።