የፈረንጅ አውጤ ቅጠል ብቻ ሆነብኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍላችሁ ከሱሉልታ ነው። አጥራችን ስር ራሱ የበቀለ የፈረንጅ አውጥ ነበረን፣ ያ ቢጫ ፍሬው እንደ ወረቀት በሳሳ ሽፋን ተጠቅልሎ የሚንጠለጠለው። አምና ህዳር ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ መታውና ጠቁሮ ቀረ። ዘንድሮ ሌላ ሲበቅል ደስ ብሎኝ የበግ ፍግም፣ ከድንቹ የተረፈ ዩሪያም ጨመርኩበት፣ አሁን እኔን ሊያክል ነው ግን ፍሬው እዚህም እዚያም ነው፣ ያለችውንም ልጆቹ አረንጓዴዋን ይቀጥፏታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከልጆቹ ልጀምር፣ እሱ ነው ያስጨነቀኝ። ይሄ ተክል የቲማቲምና የድንች ዘመድ ነው፣ የአስተናግርም ጭምር። አረንጓዴው ፍሬ፣ ቅጠሉና ሽፋኑ አረንጓዴ የሆነ ድንች ላይ ያለው ዓይነት መርዝ አላቸው፣ ሆድ ያማል ያስመልሳል። በዛ አድርገው በልተው ካስመለሳቸው ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። የበሰለው ግን ምንም አይልም፣ ሽፋኑ ደርቆ ገለባ ይመስላል፣ ፍሬው ወርቃማ ይሆናል፣ ከዛ ራሱ ይወድቃል። ስለዚህ ለልጆቹ አንድ ሕግ ብቻ ስጫቸው፦ ከዛፉ አይቀጠፍም፣ የወደቀው ይለቀማል። እምቧይንም አሳያቸው፣ እሱም ሲደርስ ቢጫ ነው ግን ሽፋን የለውም፣ እሾህም አለው፣ አይበላም።

ወደ ፍሬው ስንመጣ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያበላሸው ዩሪያው ነው። ይሄ ተክል ከስቶ የሚያፈራ ነው፣ ዩሪያ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ሲያገኝ ቅጠል ብቻ ያወጣል። ከእንግዲህ ምንም አትጨምሪበት፣ ውሃውንም ቀንሺ። መሃሉ ላይ ታፍነው ያሉትን ቅርንጫፎች አውጪና ብርሃን ይግባ፣ የቀረውን በእንጨት ደግፈሽ እሰሪው። አበባ ሲያወጣ ጠዋት ጠዋት ቅርንጫፉን ቀስ አድርገሽ ነቅነቅ አድርጊው፣ ዱቄቱ እንዲረግፍ። ከዛ ትዕግስት ነው፣ ከአበባ እስከ ብስል ፍሬ 70 እና 80 ቀን ይፈጃል።

ውርጩ ደሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አገሩ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ስለሆነ የእናንተ ደጋ ይስማማዋል፣ ብርድ ይችላል፣ ውርጭ ግን አይችልም። ሰማዩ ጥርት ባለ ምሽት አሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት ጣል አድርጊበት፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አንሺለት። ቢመታውም ወዲያው አትንቀይው! ሥሩ ካልሞተ ከታች ያቆጠቁጣል፣ የጠቆረውን ውርጩ ካለፈ በኋላ ጥር መጨረሻ ላይ ቁረጪው።

ለሚቀጥለው ዓመት ግን ከጣፋጩ ፍሬ ዘር አስቀሪ፣ አንዷ ፍሬ ብቻ ከመቶ በላይ ዘር አላት። መጋቢት ላይ በተቆረጠ ጀሪካን ዝሪው፣ ግንቦት ላይ ከቤቱ ግድግዳ ጠጋ አድርገሽ በ80 ሴንቲ ርቀት ትከዪ፣ ህዳር ሳይገባ ፍሬ ታገኛለሽ። አፈራችሁ መረሬ ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጊው፣ ውሃ የቋጠረ መሬት ላይ ሥሩ ይበሰብሳል።

የለቀማችሁትን ደሞ ከሽፋኑ አታውጡት፣ ከነሽፋኑ ደረቅ ቦታ ቅርጫት ውስጥ ብታስቀምጪው አንድ ወር ይቆይልሻል።