የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መንገዱ የማነው?

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው የዋሽንግተን አካባቢን መንገድና ባስ የሚመለከቱ ናቸው። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አንድ ከተማ እየመሰሉ በሦስት ሕግ ስለሚተዳደሩ ግራ መጋባቱ አይገርምም። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ፊት ለፊት የእግረኛ ማቋረጫ የለም። አንዱ ቢሮ «የእኛ መንገድ አይደለም» ይለናል፤ ሌላው «መጀመሪያ ካውንቲያችሁ ቅድሚያ ይስጠው» ይለናል። ማንን እንያዝ?

መልስ፦ ሁለቱም አልዋሹም። ጆርጂያ አቬኑ ከኢስተርን አቬኑ በስተደቡብ የዲሲ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ድንበሩን ተሻግሮ ሜሪላንድ ሲገባ ግን «ሜሪላንድ 97» ተብሎ የስቴቱ አውራ ጎዳና አስተዳደር ይረከበዋል። ሞንጎመሪ ካውንቲ በዚሁ መንገድ ላይ የራይድ ኦን ባሶቹን ያሽከረክራል፤ አስፋልቱ፣ የትራፊክ መብራቱና ዜብራው ግን የስቴቱ ናቸው።

ሜሪላንድ ውስጥ መንገዱ በጠቋሚ ሰሌዳ ላይ የስቴት ወይም የዩኤስ ቁጥር ካለው ብዙውን ጊዜ የስቴት ነው፤ የሠፈር ውስጥ መንገድ ደግሞ የካውንቲው ወይም የከተማው። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። እዚያ ከአርሊንግተንና ከሄንራይኮ በቀር የካውንቲዎቹን የሠፈር መንገድ ሳይቀር የያዘው የስቴቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ፌርፋክስ የሚኖር ሰው በራፉ ላይ ላለው ጉድጓድ የሚደውለው ለስቴቱ ነው። አሌክሳንድሪያ ከተማ ስለሆነች መንገዷን ራሷ ትይዛለች። ኮሎምቢያ ፓይክን ደግሞ አርሊንግተን በ2010 ከስቴቱ ተረክቦታል።

ወደ እናንተ ጉዳይ ስንመጣ፣ ደብዳቤው የሚሄደው ለስቴቱ አውራ ጎዳና አስተዳደር 3ኛ ዲስትሪክት ነው፤ ሞንጎመሪንና ፕሪንስ ጆርጅስን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። «አደገኛ ነው፣ እባካችሁ አንድ ነገር አድርጉ» ብቻ ካላችሁ መልሱም እንደዚያው ደረቅ ይሆናል። ቦታውን በሁለት የመንገድ ስሞች መካከል ለይታችሁ ጻፉ። በግራና በቀኝ መብራት ያለው የቅርብ ማቋረጫ ስንት ጫማ እንደሚርቅ፣ እግረኛው ስንት ሌን እንደሚያቋርጥ፣ የተፈቀደው ፍጥነት ስንት እንደሆነ፣ የደረሱ አደጋዎችን ከነቀናቸው አስገቡ። ከዚያ «የእግረኛ ማቋረጫ ጥናት ይደረግልን» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ጥያቄያችሁ መዝገብ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ሲቀርብ ነው።

ብዙ ጥያቄ የሚወድቀው ቆጠራው ላይ ነው። መሐንዲሶቹ ዜብራ ወይም መብራት ከመፍቀዳቸው በፊት በሰዓት ስንት ሰው እንደሚሻገር ይቆጥራሉ። ቆጠራው ማክሰኞ ጠዋት ከተደረገ እሑድ ከቅዳሴ የሚወጣው ሕዝብ አይታይም። በዚያ ላይ ማቋረጫ ስለሌለ ሰው በአንድ ቦታ አይሻገርም፤ ግማሹ ባስ ማቆሚያው ጋ፣ ግማሹ ግሮሰሪው ጋ ይሮጣል። ስለዚህ ቆጠራው እሑድንና የበዓል ቀንን እንዲጨምር፣ ከነጥቡ ግራና ቀኝም ጥቂት መቶ ጫማ እንዲሸፍን በደብዳቤው ላይ አስፍሩ።

ቀለም መቀባት፣ የመብራት ሰዓት ማስተካከልና መሐል መንገድ ላይ የእግረኛ መጠለያ መሥራት ስቴቱ ከራሱ የጥገና በጀት ሊያደርጋቸው የሚችል ሥራዎች ናቸው። የእግረኛ መንገድ ማስፋት ወይም ሌን መቀነስ ግን «ቅድሚያ ይስጠው» ወደተባለው ነገር ይወስዳል። የሜሪላንድ ካውንቲዎች የሚፈልጓቸውን የስቴት ፕሮጀክቶች በቅደም ተከተል ዘርዝረው ለስቴቱ የሚልኩት «የቅድሚያ ደብዳቤ» አለ። ስቴቱ የ6 ዓመት የትራንስፖርት ፕሮግራሙን ረቂቅ በሴፕቴምበር ያወጣል፤ በመጸው ባለሥልጣናቱ 23ቱን ካውንቲዎችና ባልቲሞርን እየዞሩ ያስረዳሉ፤ በጃንዋሪ ለስቴቱ ምክር ቤት ይቀርባል። በመጸው ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ መናገር ደስ ይላል፤ ግን ዝርዝሩ ያኔ ተጽፎ አልቋል። ለካውንቲ ምክር ቤት አባላችሁ መጻፍ ያለባችሁ ከዚያ በፊት፣ በአሜሪካው ክረምት (በዓመቱ መጀመሪያ ወራት)፣ የቅድሚያ ደብዳቤው ሲረቀቅ ነው።

ጥያቄ፦ ቲፒቢ የሚባል የክልል ቦርድ እንዳለ ሰማሁ። ሥልጣን አለው ወይስ ተሰብስቦ መበተን ብቻ ነው?

መልስ፦ መንገድ አይሠራም፣ ባስ አይገዛም፣ ግብር አይጥልም። ሆኖም የፌዴራል ገንዘብ የሚነካ ፕሮጀክት እሱ ካጸደቀው ዝርዝር ውስጥ ካልገባ አንድ ዶላር አይለቀቅለትም።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1962ቱ የፌዴራል የአውራ ጎዳና ሕግ ነው። ከ50 ሺህ በላይ ሕዝብ ያለው የከተማ አካባቢ የፌዴራል ገንዘብ ከፈለገ የአካባቢው መንግሥታት በጋራ፣ ባለማቋረጥ፣ ሁሉንም ዓይነት መጓጓዣ ያካተተ ዕቅድ ማውጣት አለባቸው ይላል። የዋሽንግተኑ የትራንስፖርት ዕቅድ ቦርድ፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ቲፒቢ፣ በ1965 ተቋቋመ። የካውንቲና የከተማ ተመራጮች፣ የሁለቱ ስቴቶችና የዲሲ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች፣ የስቴት ሕግ አውጪዎችና የአካባቢውን ባቡርና ባስ የሚያስኬደው ሜትሮ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ።

ቦርዱ የሚያወጣቸው ዋና ሰነዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ቢያንስ 20 ዓመት ወደፊት የሚያይ የረጅም ጊዜ ዕቅድ ነው፤ አካባቢያችን የኦዞን ብክለት ችግር ስላለበት ቢያንስ በየ4 ዓመቱ መታደስ አለበት። ሁለተኛው ቢያንስ የ4 ዓመት የፕሮጀክት ፕሮግራም ነው፤ ገንዘቡ ለየትኛው ሥራ፣ በየትኛው ዓመት እንደሚወጣ የሚታየው እዚህ ነው። ለሁለቱም ሁለት ወንፊት አለ። መጀመሪያ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ መታየት አለበት፤ የምኞት ዝርዝር አይፈቀድም። ቀጥሎ ፕሮጀክቶቹ ሁሉ ተደምረው የሚያስከትሉት ብክለት ከአየር ጥራት ገደቡ ማለፍ የለበትም። ይህ ለወጉ ያህል የሚደረግ አይደለም፦ አትላንታ በ1998 ይህን ማሳየት አቅቷት ለአዳዲስ መንገዶች የሚመጣ የፌዴራል ገንዘብ ተይዞባታል። ጆርጂያ በቀጣዩ ዓመት ራሱን የቻለ የክልል ትራንስፖርት ባለሥልጣን እስከ ማቋቋም ደርሳለች።

ጉድለቱም አይካድም። ፕሮጀክት የሚመረጠው በአብዛኛው እያንዳንዱ ስቴትና ካውንቲ ቤቱ ውስጥ ነው። ቦርዱ የመጣለትን ሰብስቦ በስቴፕለር የሚያያይዝበት ጊዜ ይበዛል፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ፕሮጀክት ከተቃወመ ነገ የራሱም እንደሚነካበት ያውቃል። በዋሽንግተን ዙሪያ በሚዞረው ቤልትዌይና በአይ-270 አውራ ጎዳናዎች ላይ ሊሠሩ የታሰቡትን የክፍያ ሌኖች የ2021 ጉዳይ ይመልከቱ። በጁን ቦርዱ ፕሮጀክቱን ለረጅም ጊዜ ዕቅዱ ከሚደረገው የአየር ጥራት ስሌት አወጣው። ሜሪላንድ ሌሎች ሥራዎችም አብረው ይጎዳሉ ብላ ተከራከረች፤ በጁላይ ድምፁ ተገልብጦ ተመልሶ ገባ። በማርች 2023 ደግሞ ሌኖቹን ሊሠራ የተዋዋለው ኩባንያ ራሱ ጥሎ ወጣ። እንግዲህ ዕቅዱ ውስጥ መግባት ለሥራው በር ይከፍታል እንጂ ሥራውን አይሠራውም።

ጥያቄ፦ በአንድ ማቆሚያ ላይ ቆሜ ዳሽ ባስ በነፃ ያሳፍረኛል፣ ሜትሮባስ 2.25 ዶላር ይጠይቀኛል። ለምን አይስማሙም?

መልስ፦ ኪሳቸው የተለያየ ስለሆነ ነው። ዳሽ የአሌክሳንድሪያ ነው፤ ከተማው ከራሱ በጀት ሸፍኖ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ነፃ አድርጎታል። የሞንጎመሪው ራይድ ኦንም ከጁን 2025 መጨረሻ ጀምሮ እንዲሁ ሆኗል። ሜትሮ ግን የሦስት መንግሥታት ውል ነው፤ 8 ድምፅ ሰጪ የቦርድ አባላቱ ከዲሲ፣ ከሜሪላንድ፣ ከቨርጂኒያና ከፌዴራል መንግሥት ሁለት ሁለት ናቸው። ውሳኔ ለማለፍ ከዲሲና ከሁለቱ ስቴቶች ከእያንዳንዳቸው ቢያንስ አንድ ድጋፍ ይፈልጋል። ሜትሮባስን ነፃ ማድረግ ማለት የሚጎድለውን ገቢ ማን በስንት ድርሻ እንደሚሞላ ሦስቱን ማስማማት ነው። ለሜትሮ ቋሚ የካፒታል ገንዘብ ለመመደብ እንኳ እስከ 2018 ወስዷል፤ በዓመት 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆኖ፣ ዲሲ 178.5፣ ሜሪላንድ 167፣ ቨርጂኒያ ወደ 154 ሚሊዮን ተካፈሉት። እስከዚያው ስማርትሪፕ የተባለውን የሜትሮ መክፈያ ካርድ ይያዙ፤ ከባስ ወደ ባስ በ2 ሰዓት ውስጥ ቢቀይሩ ሁለተኛ አይከፍሉም። በጥሬ ገንዘብ ከከፈሉ ግን ይህ መብት የለም።

ጥያቄ፦ በስብሰባ ላይ በአማርኛ መናገር ይቻላል?

መልስ፦ አዎ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ሁሉ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው ተገቢውን የቋንቋ እርዳታ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የራሷ የቋንቋ ሕግ አላት። አስተርጓሚ ቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በዕለቱ በር ላይ ቢጠይቁ አያገኙም። የሚሰጠው ጊዜ የጥቂት ደቂቃ ስለሆነ የፕሮጀክቱን ስምና የሚፈልጉትን ለውጥ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይናገሩ።

ጥያቄ፦ የመረዳጃ ማኅበራችን አረጋውያንን ወደ ሐኪም የሚያመላልስ ቫን ይፈልጋል። የክልሉ ቦርድ ይረዳል ሲሉ ሰማን፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች መጓጓዣ የሚውል «ሴክሽን 5310» የሚባል የፌዴራል ገንዘብ አለ። በዋሽንግተን አካባቢ የሚያስተዳድረው ቲፒቢ ያለበት የአካባቢው መንግሥታት ምክር ቤት ሲሆን ፕሮጀክቶቹን ቦርዱ ያጸድቃል። ለትርፍ ያልተቋቋመ ማኅበር ማመልከት ይችላል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ቫኑ 100 ሺህ ዶላር ከሆነ ፌዴራሉ እስከ 80 ሺህ ይችላል፣ 20ው ከእናንተ። ለሾፌርና ለነዳጅ በዓመት 60 ሺህ ካስፈለገ ግን ክፍያው እኩል ነው፤ 30 ሺህ ከእናንተ። ብዙ ማኅበር የቫኑን 20 በመቶ አዋጥቶ የሾፌሩን ግማሽ ይረሳና ቫኑ ቆሞ ይቀራል። ሁለተኛው ወጥመድ የሥራ ማስኬጃው ገንዘብ አስቀድሞ የማይሰጥ መሆኑ ነው፤ መጀመሪያ አውጥታችሁ ደረሰኝ ታቀርባላችሁ፣ ከዚያ ይተካላችኋል። ስለዚህ ቢያንስ የጥቂት ወር ደመወዝ በባንክ መኖር አለበት።

የፌዴራል ገንዘብ የሚፈልጉ ድርጅቶች በሚመዘገቡበት ሳም በተባለው የፌዴራሉ ድረ ገጽ ላይ መመዝገብን ዛሬውኑ ጀምሩ። የማኅበሩ ስምና አድራሻ በግብር መሥሪያ ቤቱ ካለው ጋር በአንድ ፊደል ቢለያይ ምዝገባው ይዘገያል፤ በየዓመቱም ይታደሳል። ቫኑ ላይ የዊልቸር ማንሻ ካስፈለገ ቢያንስ 600 ፓውንድ የሚችል መሆን አለበት። በማመልከቻው ላይ ማንን፣ ከየት ወዴት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምታመላልሱ ጻፉ፤ ሜትሮ አክሰስ የተባለው የሜትሮ የአካል ጉዳተኞች መጓጓዣ የማይደርስበትን ክፍተት እንደምትሞሉም አሳዩ። አንድ ነገር ደግሞ ለአባላቱ ከወዲሁ ንገሩ፦ ቫኑ የተሰጠው ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ነው፤ ለሠርግ አጃቢ ወይም ለቀብር ተብሎ እንደፈለጉ አይነዳም። የጉዞ መዝገቡን መርማሪ ያየዋል።