መልስ፦ የራዲዮው ኤፍ ኤም እና የኪቦርዱ ኤፍ ኤም ዝምድና አላቸው?
አሮጌው ያማሃ ኪቦርድህ ላይ "ኤፍ ኤም" ተጽፎ አይተህ ከራዲዮው ጋር ይገናኛል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አዎ፣ ሥራቸው አንድ ነው። ኤፍ ኤም "ፍሪኩዌንሲ ሞጁሌሽን" ማለት ነው፦ በሁለቱም አንዱ ሞገድ የሌላውን ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ የሚወዛወዝበትን ብዛት፣ በሄርዝ የሚለካውን) ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ራዲዮ ላይ ግን ድምፁን የሚሸከመው ሞገድ በሚሊዮን የሚቆጠር ሄርዝ ስለሆነ አይሰማም፤ ራዲዮህ ድምፁን ለይቶ ያወጣልሃል። ኪቦርዱ ላይ ሁለቱም ጆሮ የሚሰማቸው ናቸው፤ የሚለያቸውም የለም። የምትሰማው ራሱን ድብልቁን ነው።

አንድን ድምፅ በሰከንድ 6 ጊዜ ብታወዛውዘው ዘፋኝ ድምፁን እንደሚያርገበግበው ይሆናል። ወደ 100 ካደረስከው ግን መርገብገቡ ይጠፋና ሌላ ቃና ይወጣል። ከዋናው ድምፅ ግራና ቀኝ አዳዲስ ፍሪኩዌንሲዎች ስለሚፈጠሩ ነው። 400 ሄርዝን በ100 ብታወዛውዘው 300 እና 500፣ 200 እና 600 እያለ ይቀጥላል። ቁጥሮቹ እንዲህ እኩል ሲካፈሉ ጆሮ ላይ ጥርት ያለ ኖታ ይሆናል። የሁለቱን ሞገዶች ፍሪኩዌንሲ 1 ለ 1.4 ካደረግካቸው ደግሞ ደወል ደወል ይላል።

ይህን የኪቦርድ ድምፅ መፍጠሪያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1967 ያገኘው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጆን ቻውኒንግ ነው። ያማሃ ፈቃዱን ገዝቶ በ1983 ዲኤክስ 7 የተባለውን ኪቦርድ አወጣ፦ ለእያንዳንዱ ድምፅ 6 ሞገድ አመንጪ፣ በ32 ዓይነት መንገድ የሚያያዙ። ድምፅ ከባዶ ልሥራ ካልክ ግን ራስ ምታት ነው፤ አብዛኛው ተጫዋች ተዘጋጅቶ የመጣውን ነው የሚጠቀመው። በግራህ ያለችው "ሞጁሌሽን" የተባለችው መዘውርም ብዙ ጊዜ የምትጨምርልህ ያን ቀርፋፋውን መርገብገብ ብቻ ነው።